በሚካኤል ዕለት የተነሳው ሞተር

ነገሩ የሆነው ሃምሳዎቹ ዓመታት ገና በጀመሩበት ዘመን፣ በኅዳር ወር፣ ቆሰበር ላይ ነው። እናንተ እንጅባራ ትሉታላችሁ፤ የኔ አፍ የለመደው ግን ቆሰበር ነው፣ በዚህ ዕድሜዬ አልቀይርም። ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ያገባሁበትን ቀን እንኳ የምታስታውሰኝ ባለቤቴ ናት። ያንን የሚካኤል ዕለት ግን ከነናፍጣው ሽታ አስታውሰዋለሁ። በቅርቡ ያ ኮሮና የሚሉት በሽታ መጥቶ ሬዲዮው ሲነጋም ሲመሽም "ቤታችሁ ቆዩ" ሲል፣ የልጅ ልጄን "ቤት የሌለውስ የት ይቆይ?" ብዬ ጠየቅኋት። "አባባ ደግሞ" ብላ ሳቀች። ያኔ ነው ይህን ለመጻፍ ያሰብኩት።

እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ። ቆሰበር የሄድኩት ባለሞተር ወፍጮ ተተክሎ ሞተረኛ ሲፈለግ ነው። ወፍጮው ጣሊያን ትቶት በሄደው የድንጋይ ግንብ ቤት ውስጥ ነበር። ባለቤቱ ዳንግላ ነው የሚኖረው፤ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል እንጂ ሁሉም ነገር በኔ እጅ ነበር። ጠዋት ማኖቬላ በሚሉት የእጅ መዘውር አስነሳለሁ፤ ሞተሩን ከወፍጮው ድንጋይ የሚያገናኘውን ረጅም ቺንጋ እጭናለሁ፤ እስኪመሽ እፈጫለሁ። ማታ ቅንድቤና ጆሮዬ ሳይቀር ዱቄት ነው።

ያ ወፍጮ ቤት አንድ ልዩ ነገር ነበረው። የጭስ ማውጫው ቧንቧ፣ ድምፁ ጎረቤት እንዳይረብሽ ተብሎ፣ በኋለኛው ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ዞሮ ነበር ወደ ላይ የሚወጣው። ስለዚህ ሞተሩ ግማሽ ቀን ከሠራ ያ ግድግዳ እስከ ማግስቱ ሙቀቱን አይለቅም። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የበርሜል ውሃም ትኩስ ሆኖ ይወጣል። የቆሰበርን ብርድ የቀመሰ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ቤት የሌላቸው ሰዎች ግድግዳውን ከኔ ቀድመው ነው ያወቁት። እኔ በቀርከሃ ከጣራው ጠርዝ ላይ ትንሽ ጥላ አስረዘምኩላቸው። እዚያ ሥር ጀርባቸውን ለግንቡ ሰጥተው ያድራሉ፣ በሞቀው ውሃ እግራቸውን ይታጠባሉ፣ ሲነጋ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ወይም ወደ ገበያ ይበተናሉ።

አለቃቸው እማማ ጥሩ ነበሩ። ማን ሾማቸው ብትሉኝ ማንም። ከአዘና በኩል የመጡ ሴት ናቸው፤ ባላቸውንና ልጆቻቸውን ቀብረው፣ ቤትና መሬቱን የባል ዘመዶች ወስደውባቸው ነው ለዚህ የበቁት። አማርኛም አገውኛም ይናገራሉ። ማን ከማን ጎን እንደሚተኛ የሚደለድሉ እሳቸው ናቸው። አዲስ ሰው በብርድ እየተንቀጠቀጠ ሲመጣ "ና ተጠጋ፣ ስፍራ አለ" ይሉታል። ስፍራ ኖሮ አያውቅም፤ እሳቸው ግን ይህን ሳይሉ ማንንም አይቀበሉም። የቤታቸው ደጃፍ ላይ የቆሙ ነበር የሚመስሉት።

ከኔ ጋር ደግሞ ነገራችን ሁሉ ተረብ ነው። ጠዋት ሞተሩን ላስነሳ ስመጣ፣ ስለ በሬ እንደሚጠይቅ ሰው "አደረልህ?" ይሉኛል። ማታ በዱቄት ነጥቼ ስወጣ "ይኸው ሙሽራው ወጣ፤ ሴቲቱስ የት አለች?" ይሉና ሁሉም ይስቃሉ። ያኔ ላጤ ነበርኩ፤ ነገሩ ትንሽ ያመኝ ነበር።

በሽታው የገባው በጥቅምት መጨረሻ ነው። ከሩቅ ምሥራቅ ተነስቶ ዓለምን ያዳረሰ ጉንፋን ነው ሲባል የሰማነው በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን በልጅነታቸው አገር የፈጀውን አስታውሰው "የኅዳር በሽታ ተመልሶ መጣ" አሉ። ጉንፋን ስላችሁ እንዳትንቁት። ትኩሳቱ ሰው ያቃዣል፣ ወገብ ይፈልጣል፣ ሳሉ ትንፋሽ ይቆርጣል። ቤተሰብ እንዳለ በአንድ ቀን ይወድቅና ውሃ የሚያቀብል ይጠፋል። ሰው በየበራፉ እሾህ ጣለ። ትርጉሙ፣ ውስጥ በሽተኛ አለ፣ አትግቡ ነው። ገበያው ሳሳ። እህል የሚያስፈጭ ሲጠፋ ሞተሬም ቆመ።

በሽታ ሀብታምና ደሃ አይለይም ይላሉ። ተዉኝ እባካችሁ። ቤት ያለውን አልጋው ላይ ጣለው፤ ቤት የሌለውን ምን ላይ ይጣለው? ቁራሽ የሚሰጠው እጅ ሁሉ ታሞ ተኝቷል። "የመሸብኝ እንግዳ ነኝ" ተብሎ የሚቆምበት ደጅ ሁሉ እሾህ ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ሞተሩ ሲቆም ግድግዳው ቀዘቀዘ። ያን ሰሞን ያለ ወቅቱ ካፊያ ይጥል ነበር፤ ሰማዩ ሲጠራ ውርጭ ነው።

ሚካኤል ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ጎበዜ ሞተ። ጎበዜ አንድ እግሩ የማይታዘዝለት፣ ድሮ ከነጋዴ ጋር በቅሎ ይነዳ የነበረ ሰው ነው። ጠዋት ስወጣ ጀርባውን ለግድግዳው እንደሰጠ አንገቱን ደፍቷል። የተኛ መስሎኝ ትከሻውን ነካሁት። ቃሬዛውን የሚሸከም ሰው ጠፍቶ ሬሳው እስከ ቀትር ቆየ። በኛ አገር ለሬሳ ሰው ይጠፋል? ያን ጊዜ ጠፋ።

ከቀብሩ ስንመለስ እማማ ጥሩ መሳል ጀመሩ።

በማግስቱ ትኩሳቱ ያዛቸው። እኔ የምችለውን ሁሉ ሞከርኩ። ሁልጊዜ የሚዘክሯቸው አንዲት ሴት ቤት ሄጄ ከእሾሁ ማዶ ሆኜ ተጣራሁ፤ "እኛም ወድቀናል፣ ወንድሜ" የሚል ድምፅ ብቻ ሰማሁ። እሳት ላነድ ብል እንጨቱ ርሶ ጭስ ብቻ ሆነ፤ ሳላቸውን አባሰው። እኔ ራሴ የተከራየሁበት ቤት በበሽታው ከተዘጋ ወዲህ የማድረው ወፍጮ ቤቱ ውስጥ በጆንያ ላይ ነበር። ወደዚያ አስገባኋቸው። የሲሚንቶ ወለል፣ የቆርቆሮ ጣራ፤ ከውጭ የባሰ ሆነ። "የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ከተትከኝ እኮ" ብለው እየተንፏቀቁ ወደ ግድግዳቸው ተመለሱ።

የኅዳር ሚካኤል ጠዋት ልጠይቃቸው ዞርኩ። ከንፈራቸው ጠቁሯል። መዳፋቸውን ግንቡ ላይ ለጥፈው ነበር፤ የታመመ ልጅ ግንባር የሚዳስሱ ይመስላሉ።

"ዛሬም አይሞቅም?" አሉኝ።

"ዛሬማ ሚካኤል ነው፣ እማማ።"

"ውይ፣ ረስቼው" አሉና እጃቸውን ሰብስበው ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። ይቅርታ የጠየቁኝ እሳቸው ነበሩ።

ዛሬ ካልሞቃቸው ነገ እንደ ጎበዜ እንደማገኛቸው አወቅሁት።

አሁን ላለ ሰው ይህ ቀላል ነገር ይመስለዋል፤ ሞተር ማስነሳት ነው። ያኔ ግን በበዓል ቀን ወፍጮ የነካች ሴት ጎረቤት እሳት አይሰጣትም ነበር። ያውም በኅዳር ሚካኤል። ቄስ ከገዘተህ ሰው አብሮህ አይበላም፣ ስትሞትም የሚፈታህ የለም። እኔ ደግሞ ዘመድ የሌለኝ መጤ ነኝ። ፈራሁ። እውነቱን ነው የምነግራችሁ፣ በሩን ከፍቼ ገብቼ ሞተሩን እያየሁ ብዙ ቆሜያለሁ።

በመጨረሻ ቺንጋውን አወለቅሁት። ድንጋዩ እንዳይዞር ነው። ሚካኤል ይህችን ያህል ይረዳኛል አልኩ። ማኖቬላውን ጨብጬ አዞርኩ። ቆሞ ስለከረመ እምቢ አለኝ፤ ለመንኩት፣ ሰደብኩት፣ ኋላ ተነሳ። ያ ድምፅ ያን በመሰለ ጸጥታ ውስጥ ጥርባ የሚባለው መንደር ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ግድግዳው መሞቅ ሲጀምር ነው ሰዎቹ የመጡት። ከፊት ቄሰ ገበዙ አባ ዘለቀ፣ ከኋላቸው አያ አድማሱ። አባ ዘለቀ በበዓል ጉዳይ ቀልድ የማያውቁ ሰው ናቸው። እሳቸውም ታመው ነበር፤ ቀድሰው የወጡት በግድ እንደሆነ ፊታቸው ይናገራል። ጋቢያቸውን ተከናንበው ይንቀጠቀጣሉ፣ መስቀላቸውን ግን ቀጥ አድርገው ይዘዋል። አያ አድማሱ የአካባቢው ሽማግሌ ነው፤ ጉልበቱ ድምፁ ነው። ከሞተሩ በላይ እየጮኸ "በሚካኤል እህል ይፈጫል? በዚህ መዓት ላይ ሌላ መዓት ልታመጣብን ነው?" አለና ዱላውን ነቀነቀብኝ።

"ማን ፈቀደልህ?" አሉኝ አባ ዘለቀ።

"ማንም፣ አባ።"

"ሚካኤልን ናቅኸው?"

"ኧረ አልናቅሁም።"

መስቀሉን ልሳለም ጎንበስ አልኩና እጃቸውን ሳልለቅ ወደ ኋላ መራኋቸው። ሊቆጡ ነበር፤ ግን አቅም አልነበራቸውም፣ ተከተሉኝ።

ከጥላው ሥር ሰዎቹ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ተቀምጠዋል። ከግንቡና ከረጠበ ልብሳቸው እንፋሎት ይነሳል። እማማ ጥሩ ዓይናቸውን ከደን አድርገዋል። ስንጠጋቸው ገለጡት። ቄሱ ለምን እንደመጡ አላወቁም። ቄስ መሆናቸውንም ያዩ አይመስለኝም፤ ትኩሳቱ ዓይናቸውን ጋርዶታል። ያዩት አንድ የሚንቀጠቀጥ ሰው ብቻ ነው። በክርናቸው ጎናቸው ያለችውን ሴት ገፋ አደረጉ፣ ራሳቸውም ወደ ብርዱ በኩል ሸሸት አሉ፣ የለቀቁትን ቦታ በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ።

አባ ዘለቀ እንዳሉ ደረቁ። የአያ አድማሱ ዱላ ወረደ። ሁለቱም የአገር ልጆች ናቸው፣ ቋንቋውን ያውቃሉ። አማርኛ ብቻ የማውቀው እኔ በመሃል ቆሜ የአንዱንና የሌላውን ፊት አያለሁ። ሰደቧቸው ይሆን ብዬ ደነገጥሁ።

"ምን አሉ፣ አባ?" አልኩ።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "'ና ተጠጋ፣ ስፍራ አለ' አለችኝ" አሉ።

ከዚያ ቄሰ ገበዙ አባ ዘለቀ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያስተዳድሩት ሰው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው መሬት ላይ ተቀመጡ። በእማማ ጥሩና በዚያች ሴት መካከል ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጡ። ሙቀቱ ሲገባቸው ትከሻቸው ወረደ። መስቀሉ ጉልበታቸው ላይ ነበር። እማማ ጥሩ እንደ ባለቤት ራሳቸውን ነቅንቀው ዓይናቸውን መልሰው ከደኑ።

እኔ በዕድሜዬ ብዙ በዓል አክብሬያለሁ። እንደዚያ ጸጉሬ የቆመበት የለም።

"የምን እህል ነው የምትፈጨው?" አሉኝ አባ ዘለቀ፣ ከተቀመጡበት።

"ምንም እህል የለም፣ አባ። ድንጋዩ ቆሟል። ለግድግዳው ነው።"

አያ አድማሱ ያለ ምስክር አያምንም። ገብቶ የወፍጮውን ድንጋይ ዳስሶ ወጣና "እውነቱን ነው፣ ድንጋዩ በረዶ ነው" አለ። ድምፁ ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

"በል እንዳታጠፋው" አሉኝ አባ ዘለቀ። ወደ አያ አድማሱም ዞረው "በየመቃብር ቤቱ የተኙትንም አምጣቸው" አሉት። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሰው ለሟቹ በሠራው ትንንሽ ቤት ውስጥ የሚያድሩ ነበሩ፤ እነሱን ማለታቸው ነው። አያ አድማሱ አንዳንዶቹን ደግፎ፣ አንዲቷን አሮጊት አዝሎ አመጣ። ያ ጉልበቱ ድምፁ ነው ያልኩት ሰው ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ከተማው ጉድ ለማየት ወጣ። "በሚካኤል ወፍጮ ተነሳ" ሲባል በሽታው እንኳ ሰውን አልያዘውም፤ ከጸሎትም ከመድኃኒትም ይልቅ ሐሜት ያስነሳል። እሾሁን ከበራፋቸው እየገፉ፣ እየሳሉ፣ ለመቆጣት ተዘጋጅተው ይመጣሉ። መጥተው አባ ዘለቀን ከለማኞቹ መካከል ተቀምጠው ሲያዩ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። እንደገና ሲመጡ እጃቸው ባዶ አይደለም። ለዝክር ተጋግሮ ቆራሽ ያጣ ዳቦ መጣ። ትኩስ አጥሚት መጣ። አንዳንዱም ራሱ እየተንቀጠቀጠ "እዚህ ጋ ትንሽ ልጠጋ?" ይላል። እማማ ጥሩ ዓይናቸውን ሳይገልጡ "ስፍራ አለ" ይላሉ።

ዛሬ ሐኪም ይህን ቢሰማ ይቆጣኛል። በሽተኛን ከበሽተኛ ማጎር ነው ይላል፤ ልክ ነው። እኛ ግን ያን ጊዜ ሞት ሲመጣ ያየነው በብርድና በባዶ ሆድ በኩል ነው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሌላ ጭንቅ መጣ። የናፍጣ በርሜሉን ባንኳኳው ባዶ ድምፅ ሰጠ። ናፍጣ የሚመጣው ከዳንግላ ነው፤ መኪና ከቀረ ሰንብቷል። እማማ ጥሩ ገና ያቃዣቸዋል፤ የሞቱ ልጆቻቸውን ስም ይጠራሉ። ውርጩ የሚወርደው ደግሞ ከመሸ ነው። ለአባ ዘለቀ ነገርኳቸው።

አያ አድማሱ ጆሮውን ጥሎ ኖሮ "ይህ ሞተር ላምባ አይጠጣም?" አለኝ። ኩራዝ ላይ የሚነደውን ላምባ ማለቱ ነው።

"ይጠጣል፣ ግን እንደኛ እየሳለ ነው" አልኩት።

ሄደ። ሲመለስ በበቆሎ ቆረቆንዳ የተወተፈ ጠርሙስ ይዟል። ቤቱ ያለው ላምባ ያ ብቻ እንደነበር ኋላ ሚስቱ ነገረችኝ። ጠርሙሱን ለኔ ሲሰጥ ያየች አንዲት ሴት ተነስታ ሄደች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ማን እንደሆኑ የማላውቃቸው ሰዎች፣ ትልቅ ጠርሙስ፣ ትንሽ ጠርሙስ፣ አንዱማ ፋኖሱን እንዳለ ይዞ መጥቶ ፊቴ አጥፍቶ ገለበጠልኝ። ሞተሩ ሳለ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ አልጠፋም።

በዚያ መሃል አንድ ጊዜ ላብ ልጠርግ ወጣሁ። ቀና ብዬ ከተማውን ባይ ጨለማ ነው። ከማንም ቤት የኩራዝ ብርሃን የሚባል አይታይም። በየቤቱ በሽተኛ አለ፤ በየቤቱ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ መብራታቸውን ሞተሬ እየጠጣው ነው። ማልቀሴን ያወቅሁት ዱቄት ያልነካው ፊቴ ርሶ ስላገኘሁት ነው።

ሊነጋጋ ሲል የመጨረሻውን ጠርሙስ ገልብጬ ወደ ኋላ ዞርኩ። አባ ዘለቀ ተቀምጠው እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ የእማማ ጥሩ ራስ ትከሻቸው ላይ ነው። ጎበዜ ትዝ አለኝና ልነካቸው ፈራሁ። ጎንበስ ብዬ ትንፋሻቸውን ላዳምጥ ብል ሞተሩ አያሰማም። እንዳጎነበስኩ እማማ ጥሩ ዓይናቸውን ገለጡ። የጠራ ዓይን ነበር። ግንባራቸው በላብ ወርዝቷል፤ ትኩሳቱ ለቋቸዋል።

"አንተ ሙሽራ" አሉኝ። "ጆሮዬን አደነቆርከው። አጥፋውና እንተኛበት።"

እየሳቅሁ ሄጄ አጠፋሁት።

ያ ሁሉ ድምፅ ሲቆም የመጣው ጸጥታ ያስፈራ ነበር። ወዲያው አንድ በር ሲከፈት ሰማሁ። ከዚያ ሌላ በር። ከዚያ ከላይም ከታችም በሮች ተከፈቱ። በውርጩ ላይ ሰዎች ነጠላ ጣል አድርገው ወደኔ ይሮጣሉ። ለካ ከተማው ሁሉ ሳይተኛ ያንን ድምፅ ሲያዳምጥ ነበር ያደረው። ሞተሩ ዝም ሲል ላምባው ያለቀ መሰላቸው። ሁሉም ከኩራዛቸው ሥር አሟጠው ያጠራቀሟትን ይዘው ነበር የመጡት፤ አንዷ የያዘችው በስኒ ነው።

"አላለቀም፤ እማማ ጥሩ ድነው ነው" አልኳቸው። እዚያው ደጁ ላይ እልል ተባለ።

የወፍጮው ባለቤት ሲሰማ ላምባ የሞተሩን ፓምፕ ያበላሻል ብሎ ተቆጣኝ። ልክ ነበር፣ ተበላሽቶ ኖሯል። እማማ ጥሩ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። የኔን ሠርግ በልተዋል። "በመጨረሻ ሴቲቱ ተገኘች" ብለው መርቀውኛል።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ወረርሽኝም አየሁ፣ ሌላ መንግሥትም አየሁ። ሰው ክፉ ነው ሲሉኝ እሺ እላለሁ፣ አልከራከርም። ግንቡ ዛሬም አለ፤ ወፍጮው በመብራት ስለሚሠራ ግድግዳው አይሞቅም። ባለፍኩ ቁጥር ግን ቆም ብዬ መዳፌን አሳርፍበታለሁ። ልጆቼ "አባባ ምን ነካው?" ይባባላሉ። ይበሉ።